የ6 በ12 ጫማ የዕቃ ትሬይለርን የቤተሰብ ማደሪያ ማድረግ፦ ክብደቱ፣ ጤዛውና በሩ

ጥያቄ
የሁለት ልጆች አባት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በቅርቡ 6 ጫማ በ12 ጫማ የሆነ፣ ባለ አንድ አክስል፣ ያገለገለ ዝግ የዕቃ ትሬይለር ገዝቻለሁ። የቀድሞው ባለቤት የጽዳት ዕቃ ያመላልስበት ነበር። ሐሳባችን እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ቅዳሜና እሁድ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እየወጣን እንድናድርበት፣ በልጆቹ የበጋ ዕረፍት ደግሞ ራቅ ወዳሉ ስቴቶች እንድንጓዝበት ነው። ተሠርቶ ያለቀ ካምፐር ለመግዛት ብዙ ቦታ ዋጋ ጠይቀን ነበር፤ ለአቅማችን የሚስማሙት ግን ጣሪያቸው የሚያፈስና ወለላቸው የበሰበሰ ሆነው ስላገኘናቸው፣ ባዶውን ገዝቶ ውስጡን ራስ መሥራት ይሻላል ብለን ወሰንን።

በትሬይለሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 2,990 ፓውንድ መሆኑን ይገልጻል። ባዶውን 1,250 ፓውንድ ገደማ እንደሚመዝን የነገረኝ ሻጩ ነው። የሚጎትተው መኪናችን የ2019 ባለ ስድስት ሲሊንደር ቶዮታ ሃይላንደር ሲሆን፣ መመሪያው እስከ 5,000 ፓውንድ መጎተት እንደሚችል ይናገራል።

ገና ምንም ሳልሠራበት፣ ለሙከራ ያህል ፍራሽ አንጥፌ ከልጆቹ ጋር በራችን ላይ አንድ ሌሊት አደርንበት። ጊዜው የኖቬምበር መጀመሪያ ነበር፤ ውጭው ውሃ ሊያረጋ የተቃረበ ብርድ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፊቴ ላይ የውሃ ጠብታ ሲያርፍ ነቃሁ። ዝናብ የገባ መስሎኝ የእጅ ባትሪ ሳበራ፣ ጣሪያው በሙሉ አልቦ አገኘሁት፤ የብረት ቱቦላሬዎቹ በተዘረጉበት መስመር ልክ ጠብታዎች ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል፣ በእያንዳንዱ የቪቴ ራስ ላይም አንዳንድ ጠብታ ነበር። የልጄ ብርድ ልብስ ግድግዳውን የነካበት ጎኑ ተጨምቆ ውሃ የሚወጣው ሆኖ ነበር። ግድግዳውን ፎም ሞልቼ በኮምፔንሳቶ ብሸፍነው ይህ ውሃ ይጠፋል ወይስ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ተደብቆ ያሻግታል?

ባለቤቴ ደግሞ ሁለት ነገሮችን አጥብቃ ትፈልጋለች። አንደኛው ጠዋት ተራራው ላይ ረከቦት ዘርግቶ ቡና ማፍላት ነው፤ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ትሬይለሩ ውስጥ። ሁለተኛው፣ ጉዞው ሲረዝም እንጀራውን እዚያው መጋገር ነው፤ ቤት የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ነው። ሶላርና አንድ ባትሪ ለማስገባት አስበናል። ከየት ልጀምር? የሠራችሁት ካላችሁ ቅደም ተከተሉንና ያጠፋችሁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ
የረጅም ርቀት ሹፌር፣ ኮሎራዶ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ለአሥራ አንድ ዓመት ከባድ መኪና እየነዳሁ አገሩን ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ስለ አልጋና ስለ ግድግዳ ከማሰብዎ በፊት ስለ ክብደት እንዲያስቡ አደራ እላለሁ። ሻጩ የነገረዎትን ቁጥር ይዘው ሥራ አይጀምሩ፤ ትሬይለሩን ባዶውን ሳለ ያስመዝኑት። በየአውራ ጎዳናው ያሉት የትራክ ማረፊያዎች የካት ሚዛን አላቸው፤ ለእኛ የተሠራ ቢሆንም ማንኛውም መኪና ይመዘንበታል፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። የመኪናዎ የፊት እግር በአንደኛው ሰሌዳ፣ የኋላው በሁለተኛው፣ ትሬይለሩ በሦስተኛው ላይ እንዲያርፍ አድርገው ይቁሙ። ከዚያ ትሬይለሩን ፈትተው መኪናውን ብቻውን ይመዝኑ። ሁለቱን ወረቀቶች ሲያስተያዩ የትሬይለሩን ጠቅላላ ክብደትም፣ ምላሱ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው የፊት ብረት፣ በመኪናው ላይ የሚጥለውን ጫናም ያገኛሉ።

2,990 የሚለው ቁጥር እንዲሁ የተጻፈ አይደለም። ከሥር ያለው አክስል አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ፓውንድ የሚሸከም ነው፤ ነገር ግን ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ስለሚያስገድድ፣ ፋብሪካዎች ሰሌዳውን ከዚያ በ10 ፓውንድ ዝቅ አድርገው ያትሙታል። ስለዚህ የእርስዎ ተሳቢ ፍሬን የሌለው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ጎንበስ ብለው ከጎማው ጀርባ ወደ አክስሉ የሚገባ የኤሌክትሪክ ገመድ መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ፣ ሕግ ባያስገድድዎትም የኤሌክትሪክ ፍሬን እንዲያስገጥሙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ለዚህም መኪናው ውስጥ የፍሬን መቆጣጠሪያና ባለ ሰባት እግር ሶኬት ያስፈልጋል፣ ባለ አራቱ ጠፍጣፋ ሶኬት መብራት ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። በሸናንዶዋ ውስጥ የሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ሙሉ በተራራ ጫፍ ላይ የተዘረጋ፣ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል የሆነ መንገድ ነው፤ ከዚያ ሲወርዱ ማርሹን ዝቅ አድርገው ሞተሩ እንዲይዘው ያድርጉ እንጂ ፍሬን ረግጠው እንዳይቆዩ፣ ይግላልና።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ባዶው በእርግጥ 1,250 ከሆነ ለግንባታ፣ ለዕቃና ለውሃ የሚቀርዎት 1,740 ፓውንድ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሙሉ የ3/4 ኢንች ኮምፔንሳቶ ብቻውን ከ60 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፣ 20 ጋሎን ውሃ ደግሞ 167 ፓውንድ ነው። የምላሱ ጫና ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ተሳቢዎ ሞልቶ 2,400 ፓውንድ ቢሆን ከ240 እስከ 360 ፓውንድ ማለት ነው። ይህም ጫና በመኪናዎ ውስጥ ከተቀመጡት አራት ሰዎችና ከሻንጣው ጋር ተደምሮ፣ በሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ከተጻፈው የመጫን አቅም እንዳያልፍ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መኪናዬ 5,000 ይጎትታል ብሎ ይህችን ወረቀት ሳያነብ ያልፋል።

ከባዱን ዕቃ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ያድርጉት። የውሃ ጀሪካኑን፣ ባትሪውንና ማድቤቱን ሁሉ በኋላ በር በኩል ቢደረድሩ ምላሱ ይቀልና በፍጥነት ላይ ተሳቢው እንደ ዓሣ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። ያ ቢደርስብዎ እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የመኪናውን ፍሬን በድንገት አይርገጡ።

ከመንቀሳቀስዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው የጎማው ዕድሜ ነው፤ በጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፣ ለምሳሌ 2318 ቢል በ2018 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የቆመ ተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ውስጡ ያልቃል፤ ዓይንዎ ጥርሱን አይቶ እንዳይታለል። ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው፤ የቀድሞው ሰው መቼ ግራሶ እንደቀባው ስለማይታወቅ ከፍተው ያጽዱትና አዲስ ግራሶ ይሙሉት። ጎማ ካወጡና ከመለሱ በኋላ ዳዶዎቹን ከመጀመሪያዎቹ 10፣ 25 እና 50 ማይሎች በኋላ ደግመው ያጥብቁ።

ወደ ፊላዴልፊያና ወደ ኒው ዮርክ በኩል የምትወጡ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በባልቲሞር ከባሕር ወደቡ ሥር የሚያልፉት ሁለቱ ዋሻዎች፣ በ95 እና በ895 አውራ ጎዳናዎች ላይ ያሉት፣ እያንዳንዱ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደር የያዘ ተሽከርካሪ አያሳልፉም። የተለመደው የ20 ፓውንድ ሲሊንደር አብሯችሁ ካለ በ695 አውራ ጎዳና በምዕራብ በኩል መዞር ግድ ነው። ልጆቹም በምንም ምክንያት፣ ለአጭር መንገድ እንኳ ቢሆን፣ መኪናው እየሄደ ተሳቢው ውስጥ አይቀመጡ።

መልስ
አናጢ፣ ሚኒሶታ

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ። ያዩት ጠብታ ከውጭ የገባ አይደለም፤ ከእናንተው ትንፋሽ የወጣ ነው። አራት ሰው በአንድ ሌሊት ከትንፋሹና ከቆዳው ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ያወጣል፤ የትሬይለሩ ቆዳ ቀጭን ላሜራ ስለሆነ ብርዱን በቀጥታ ያስገባና እርጥቡ አየር ሲነካው ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ቱቦላሬዎቹ ላይ በረድፍ የተንጠለጠለው ብረቱ ብርዱን ከውጭ ቆዳ ወደ ውስጥ እየሳበ ስለሚያደርሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ ሁለት መልስ አለው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

የመጀመሪያው መሸፈን ነው። ለግድግዳና ለጣሪያ በየሱቁ የሚሸጠውን፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለውን ደረቅ ኤክስፒኤስ ፎም ይጠቀሙ፤ ውሃ አይመጥም፣ አንድ ኢንች ውፍረቱም አር-5 የሚባለውን የብርድ መከላከያ መጠን ይሰጣል። በፎይል የተለበጠው ፖሊአይሶ የተባለው ፎም በኢንች የበለጠ ይከላከላል ቢባልም ብርድ ሲበረታ ብቃቱ ይወርዳል፤ እኛ እዚህ ሰሜን ላይ ያሳለፍነው ነው። ለቤት ግድግዳ የሚሆነውን የመስታወት ጥጥ ግን ትሬይለር ውስጥ አያስገቡ፤ በመንገዱ ንዝረት ወደ ታች ይሸሻል፣ እርጥበትም ይዞ ያስቀራል። ፎሙን በቱቦላሬዎቹ መካከል አጥብቀው ከገጠሙ በኋላ ሥራው ያለቀ እንዳይመስልዎት፤ በቱቦላሬው ፊት ላይም ቢያንስ ሩብ ኢንች ፎም ያልብሱ፣ አለበለዚያ ያ ጠብታ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ መስመሩን ይዞ ይቀጥላል። ማጣበቂያው ላይ ለፎም የሚሆን መሆኑን ያንብቡ፤ ሌላው ማጣበቂያ ፎሙን ይበላዋል።

ሁለተኛውና የሚበልጠው አየር ነው። ያሸፈኑት ትሬይለር አየር ካላገኘ ውሃው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ጣሪያው ላይ 14 በ14 ኢንች የሆነ ቀዳዳ ይከፈትና አየር ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ይገጠማል፤ ይህ መጠን ለካምፐር የተለመደ ስለሆነ ከማንኛውም ፋብሪካ የሚመጣው ይገጥማል። ከታች ደግሞ፣ ከማራገቢያው በሚርቀው ጥግ፣ አየር የሚገባበት ትንሽ መስኮት ወይም መተንፈሻ ይኑር። በብርድ ሌሊት ማራገቢያውን በዝቅተኛው ፍጥነት አስነስቶ ማደር ሙቀት ማባከን ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁለት ክረምት በኋላ ያለ እርሱ አልተኛም።

ቀዳዳው ሲከፈት ስለሚደረገው ነገር የደረሰብኝን ልንገርዎት። የመጀመሪያ ትሬይለሬን ጣሪያ ያስከፈትኩት በአንድ ሱቅ ነበር፤ ማራገቢያውን በሲሊኮን ብቻ ለጥፈው መለሱልኝ። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ ሲሊኮኑ ከአሉሚኒየም ጣሪያው ተላቀቀ። በፀደይ ወር በረዶው ሲቀልጥ፣ በማራገቢያው ጥግ ዙሪያ ኮምፔንሳቶው ላይ የሻይ ቀለም ያለው ቀለበት አየሁ፤ በካቻቪቴ ጫፍ ስነካው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ያን ሁሉ ጣሪያ አውርጄ እንደገና ሠራሁት። አሁን ከማራገቢያው ከንፈር ሥር ቡቲል የተባለውን የሚጣበቅ ጥቅል አነጥፋለሁ፣ ቪቴዎቹን ካጠበቅሁ በኋላ በላያቸው ራሱን የሚያስተካክለውን የካምፐር ጣሪያ ማሸጊያ አፈስበታለሁ፣ በየዓመቱም አንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ ወጥቼ እያንዳንዱን ራስ እመለከታለሁ።

ለግድግዳው የሩብ ኢንች ኮምፔንሳቶ ይበቃል፤ ወንድማችን ስለ ክብደት የተናገረው ትክክል ነው። ማንኛውንም መደርደሪያ ሲሰቅሉ ቪቴው ቱቦላሬ ውስጥ ይግባ፤ ቱቦላሬ በሌለበት ቦታ የረዘመ ቪቴ የውጭውን ላሜራ በስቶ ይወጣል። አልጋን በተመለከተ ከመቁረጥዎ በፊት የውስጡን ወርድ በሜትር ይለኩ። 6 ጫማ የሚባለው የውጭው ነው፤ የእኔ ከግድግዳ ግድግዳ 68 ኢንች ብቻ ወጣ፣ ፎምና ኮምፔንሳቶ ሲገባ ደግሞ ከዚያ ወረደ። ረጅም ሰው ከሆኑ በወርዱ ተዘርግተው ሊተኙ አይችሉም፤ ለእናንተ በርዝመቱ፣ ለልጆቹ በፊተኛው ግድግዳ በኩል በወርዱ የሚታጠፍ ሁለት ደርብ ይሻላል።

መልስ
ነርስ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ ስለ ሥራው ከእኔ የሚሻሉ ወንድሞች ተናግረዋል። እኔ የምናገረው ስለ ቡናው ነው፤ ባለቤትዎም ይህን ብታነብ እወዳለሁ።

እህቴ፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ በሩ ቢከፈትም፣ ከሰል ትሬይለሩ ውስጥ እንዳይገባ። ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ከሆነ አይጎዳም እየተባልን ያደግን ብዙ ነን። የጭሱ ማለቅ ዓይናችንን ከመቆጥቆጥ ያድናል እንጂ፣ ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ አመድ እስኪሆን ድረስ ያወጣል። ይህ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል፣ ድካም መስሎት ጋደም ይላል። የትሬይለሩ ውስጥ 430 ኪዩቢክ ጫማ ያህል አየር ነው የሚይዘው፤ የአንድ መኝታ ቤት ግማሽ አይሞላም። ለማታ ሙቀት ተብሎ የከሰል ማንደጃ ማስገባትም ያው ነው። በአገራችንም በዚህም አገር ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ሌሊት የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ቡናው ግን ይቅር አልልም። የኋላው በር ወደ ታች የሚዘረጋ ራምፕ ከሆነ በእግር አቁመው ሰገነት ያድርጉት፣ ከላዩ ሸራ ይወጠርበት፣ ረከቦቱ እዚያ ይዘርጋ። እጣኑም እዚያው ይጨስ።

ለማብሰያም ሆነ ለማሞቂያ ፕሮፔን ካስገባችሁ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደወሎች ያስፈልጋሉ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የእርሱ ደወል ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ይሰቀላል። የካርቦን ሞኖክሳይዱ በምትተኙበት ከፍታ ይሁን። ደወሎቹ ዕድሜ አላቸው፤ በጀርባቸው የተጻፈውን ዓመት ያንብቡ። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ደግሞ አየሩን ከመበከሉ ሌላ ውሃ ይጨምርባችኋል፤ አንድ ፓውንድ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአንድ ተኩል ፓውንድ በላይ ውሃ ይወጣዋል፣ ያ ሁሉ ጣሪያው ላይ ይመለሳል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ከውስጥ ሆነው በሮቹን መክፈት ይችላሉ? እሳት ቢነሳ በስንት በር ነው የምትወጡት?

የጠያቂው መልስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህቴን ጥያቄ እንዳነበብኩ ወጥቼ ሞከርኩ፤ ያገኘሁትን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

የኋላው በር የሚዘጋው ከውጭ ባሉ ሁለት የብረት መቀርቀሪያዎች ነው፤ ከውስጥ ምንም መያዣ የለውም። የጎኑ በር ከውስጥ የሚከፈት እጀታ ስላለው ያ ይበቃል ብዬ ነበር። ነገር ግን በዚያው በር ላይ ከውጭ የሚዞር የመቆለፊያ ዘንግ አለ። እኔ ውስጥ ሆኜ ስለካ የስድስት ዓመቱ ልጄ ዘንጉን አዞረው፤ ለጨዋታ ነው እንጂ ምንም አላሰበም። እጀታውን ባዞርም በትከሻዬ ብገፋም በሩ ንቅንቅ አላለም። ልጁን በስሙ እየጠራሁ ወደ የት እንደሚያዞረው በግድግዳው በኩል አስረዳሁት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ያን ምሽት ሦስታችን ተኝተንበት የነበረው ሳጥን ይህ ነበር። መስኮት ማስገባት እንዳለብኝ ተረድቻለሁ፤ የት ላድርገው፣ ምን ያህልስ ይሁን?

ሚዛኑንም ሄጄ ነበር። ባዶው 1,250 ሳይሆን 1,380 ፓውንድ ነው፤ ምላሱ 190። ፍሬን የለውም። የጎማዎቹ ቁጥር 1416 ይላል፣ ስለዚህ አዲስ ጎማ አዝዣለሁ፣ ፍሬኑንም አስገጥማለሁ።

መልስ
የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ቴክሳስ

ወንድሜ፣ ስለ ምጣዱ ያነሱትን ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ። ዛሬ ሰው የሚገዛው የተለመደ ባትሪ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ሊቲየም ነው፤ ይህም 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። 1,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ያለማቋረጥ ቢሠራ ሙሉውን ባትሪ ከሃምሳ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከዚያም በፊት ሌላ ችግር ይመጣል፦ ይህን ያህል ኃይል ከ12 ቮልት ለማውጣት የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር 130 አምፒር ገደማ መሳብ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የዚህ መጠን ባትሪዎች ደግሞ ከ100 አምፒር በላይ ሲሳብባቸው ውስጣዊ መቆጣጠሪያቸው ይዘጋቸዋል። ምጣዱ ሳይግል መብራቱ ይጠፋል ማለት ነው። ሦስትና አራት ባትሪ በመጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ዋጋውም ክብደቱም ለአንድ እንጀራ አይገባም። በሸናንዶዋ ያሉት የካምፕ ቦታዎች የኤሌክትሪክ መሰኪያ የላቸውም፤ ጄኔሬተርም የሚፈቀደው በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ያዙ፤ ጉዞው ከረዘመ መሰኪያ ባላቸው የግል ካምፖች በምታድሩበት ቀን ምጣዱን አውጥታችሁ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ጋግሩ።

ለቀረው ነገር ግን ያ አንድ ባትሪ ብዙ ያኖራችኋል። የ12 ቮልት ኮምፕሬሰር ያለው ትንሽ ማቀዝቀዣ ሲሠራ ከ30 እስከ 50 ዋት ይስባል፣ ሲቀዘቅዝ ያርፋል፤ ማራገቢያውና የኤልኢዲ መብራቱ ከዚያ ያንሳሉ። ሁለት ባለ 100 ዋት ሶላር ፀሐይ በሞላበት የበጋ ቀን ከ600 እስከ 800 ዋት-ሰዓት ይመልሳል። ቁጥሩ ግን ለሜዳ ነው። ሸናንዶዋ ጫካ ስለሆነ ጣሪያ ላይ የተቸነከረ ሶላር ቀኑን ሙሉ በዛፍ ጥላ ሊውል ይችላል፤ ቢያንስ አንዱን በገመድ እየጎተቱ ፀሐይ ወዳለበት የሚያስቀምጡት ያድርጉት።

ሊቲየም ባትሪ ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች በሆነ ብርድ መሞላት የለበትም፤ ውስጡ ላይመለስ ይጎዳል። ስለዚህ ምላሱ ላይ ውጭ ሳይሆን ትሬይለሩ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሲገዙም በብርድ መሙላትን ራሱ የሚያቋርጥ መሆኑን ይጠይቁ። ከባትሪው አዎንታዊ እግር በጥቂት ኢንች ርቀት ላይ ዋናውን ፊውዝ ያስገቡ። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ በቱቦላሬ ጠርዝ ተፍቆ ብረቱን ቢነካ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው ሳይጠበቅ የሚቀረው፣ እሱም አጭር ይሁን። ገመድ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ያስገቡ። ከውጭ 120 ቮልት የሚያስገባ መሰኪያ ካስፈለጋችሁ ያንን ክፍል ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይስጡት።

መልስ
አናጢ፣ ሚኒሶታ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ጠብቋችኋል። መስኮቱን እስክታስገቡ ድረስ ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ፦ ዘንጉን ክፍት በሆነበት ቦታ ላይ አድርገው በቁልፍ ይቆልፉት፤ ያኔ ልጅ ቀርቶ ማንም ከውጭ ሊያዞረው አይችልም። ከዚያ ዘንጉን ጨርሶ ነቅለው ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት የካምፐር በር መቆለፊያ ይግጠሙበት።

መስኮቱን ከጎኑ በር ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ፣ ከምትተኙበት ፍራሽ በላይ ያድርጉት፤ እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከማድቤቱ ስለሚነሳ መውጫው ከማድቤቱ መራቅ አለበት። የካምፐር መውጫ መስኮት ተብሎ የሚሸጠውን፣ ያለ መሣሪያ ወደ ውጭ ተገፍቶ የሚከፈተውን ይግዙ፤ ንጹሕ ክፍተቱ ቢያንስ 17 በ24 ኢንች ይሁን። ቱቦላሬዎቹ ያሉበትን ከውጭ በላሜራው ላይ በተደረደሩት ቪቴዎች መስመር ያውቁታል። በመካከላቸው 24 ኢንች ካለ በወርዱ 17 የሚሆነው በቀላሉ ይገባል፤ 16 ኢንች ብቻ ከሆነ ግን አንዱን ቱቦላሬ መቁረጥ ስለሚያስፈልግ፣ ከመቁረጥዎ በፊት ከላይና ከታች አግዳሚ ቱቦላሬ የሚበይድልዎ በያጅ ይያዙ። ያንን ብረት ሳይተኩ ቆርጠው ቢተዉት ግድግዳው በመንገድ ላይ ይርገበገብና ማሸጊያው ይሰነጠቃል።

ላሜራውን ከውስጥ በኩል አራቱን ጥግ በስተው ምልክት ያድርጉና ከውጭ ይቁረጡ፤ የውጭውን ገጽ ቀድመው በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት፣ መቁረጫው ቀለሙን እንዳይፍቀው። ከሥሩ ያለውን ቡቲል በአራቱም ጎን ሳይቋረጥ ያንጥፉት። ሥራው ሲያልቅ ልጆቹን ፍራሹ ላይ አስተኝተው፣ መብራቱን አጥፍተው፣ በራሳቸው እጅ ከፍተው እንዲወጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለማምዷቸው፤ ከውጭ ሆነው የሚቀበሏቸው እርስዎ ይሁኑ፣ ከመሬት ከፍ ስለሚል።